ማተብ የመሰለው ክር

ሲስተር ዘቢደር ያን ዓርብ ጠዋት ጫማቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ገና ነው ብለው ተቀመጡ። መቀመጡ አልሆነላቸውም። ተነሥተው በሩን ከፈቱና ቁልቁል አዩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጭጋጓን እንደተከናነበች ነበረች፤ ከታች መንገዱ ላይ አንድ ወያላ ባልነቃ ድምፁ "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይላል። በሩን ዘጉት። ከዚያ ደግሞ ከፈቱት።

እንዲህ እረፍት የነሳቸው አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርኩዝ የሚባለው የተራድኦ ድርጅት፣ ሲስተር በነርስነት ወጣትነታቸውን ያፈሰሱበት ቤት፣ ለብዙ ዘመን ተከራይቶ የኖረበትን ግቢ ለባለቤቱ ሊያስረክብ ነው። የድርቁ ዘመን ወረቀት፣ ፎቶግራፍ፣ ካርታ፣ የጉድጓድ ውሃው ንድፍ፣ ያ ሁሉ ዛሬ በአይሱዙ ተጭኖ ኮተቤ ይሄዳል። እዚያ አንድ የትምህርት ተቋም "እኛ ጋ ይቀመጥ፣ ተማሪም ያንብበው" ብሎ ክፍል ሰጥቷል። ተረካቢው ዛሬ ቆጥሮ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ለሚመጣ ነገር ግን በሩ ዝግ ነው።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ክር ነው። እናቶች በእጃቸው የፈተሉት ነጭ የጥጥ ክር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ወሎ መጠለያው ውስጥ፣ ከውጭ ይመጣል የተባለው የክንድ መለኪያ አልደርስ ሲል፣ ሲስተር ዘቢደር የተራቡትን ሕፃናት ክንድ ያስለኩት በዚያ ክር ነበር። ዛሬ መለኪያው ባለ ቀለም ፕላስቲክ ሆኗል፤ ክር የሚያምረው የለም። እሳቸውንም የሚያስጨንቃቸው መለኪያው አይደለም። ማን ይለካል የሚለው ነው። እዚያ መጠለያ ውስጥ ልጇን የምትለካው እናቲቱ ራሷ ነበረች። ፊደል ሳትቆጥር፣ ሐኪም ተራዋን እስኪጠራ ሳትጠብቅ፣ የልጇን መክሳትና ማገገም በጣቷ ታውቀዋለች። በምርኩዝ ወረቀቶች ውስጥ ይህ ነገር አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም። ያኔ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ማን ነበር?

የሰነዱን ሥራ የያዘችው ጵርስቅላ የምትባል ልጅ ናት፤ ትጉህ፣ ረጅም፣ ስትሄድ የምትቸኩል። ሲስተርን በድምፅ ልትቀዳቸው ደጋግማ ሞክራለች። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ "እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" ስትላቸው አፋቸው ይደርቃል። ስለ ነፋሱ ይነግሯታል፣ ድንኳኑን ስለሚበላው በቅሎ ይነግሯታል፤ ክሩ ላይ ሲደርሱ ቃሉ ይበተንባቸዋል። በመጨረሻ "ክሩን አስይዢኝና እጄ ይነግርሻል" አሏት። እሷም "ዓርብ ከመጫኑ በፊት፣ ቆርቆሮውን ይዘው በቪዲዮ እቀርጽዎታለሁ" ብላ ቃል ገባች።

ሌላም ነገር አለ፤ ለማንም ያልተናገሩት። በቀደም መነጽራቸውን ሽሮ ዕቃው ውስጥ አገኙት። እናታቸውንም መርሳት የጀመራቸው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ኋላ ዘቢደርን ራሷን "አንቺ ልጅ የማን ነሽ?" እስኪሏት። ታዲያ እንዴት ይቀመጡ?

ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ።

ግቢው ሲደርሱ አይሱዙው ከወገቡ በላይ ተጭኗል። ሹፌሩ ኤጀታ ገመድ ይወጥራል።

"እንዴት አደሩ ሲስተር! እርስዎንም ከላይ ልጫንዎት?"

"የኔን ዕቃ ጥለህ ብትሄድ ጎማህን ነው የማስተነፍስልህ።"

"ኧረ በማርያም! ጎማው የጌታዬ ነው፣ እኔ ያለኝ መሪው ብቻ ነው!"

ውስጥ መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ሆኖ፣ ክፍሉ የሰው ቤት መስሏል። ጵርስቅላ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ መሬት ላይ ተንበርክካ ካርቶን ታሽጋለች። ቀና ስትል ፊቷ ልክ አልነበረም።

"ሲስተር፣ አሁን ልደውልልዎት ስል። ቆርቆሮውን እርስዎ ወስደውታል እንዴ?"

"እኔ?"

"ከመደርደሪያው ላይ የለም። ሁሉንም ካርቶን ፈትሻለሁ።"

ሲስተር ዘቢደር "እኔ አልወሰድኩም" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አላሉም። ወስደውት ቢሆንስ? ሽሮ ዕቃው ትዝ አላቸው። በሐሳባቸው ቤታቸውን ዞሩት፤ አልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከበሩ ኋላ። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት።

"ጥበቃውን ጠይቂው" አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። "ገብሬን ጥሪልኝ።"

ገብረ ክርስቶስ መጣ። ምርኩዝ ከድርቁ ብዙ ዓመት በኋላ በጥበቃነት የተቀጠረ፣ ጸሎት የማያስታጉል፣ በበሩ ያለፈን ውሻ እንኳ "ምን ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

"የቱ ቆርቆሮ?"

"የወተቱ። ክር ያለበት።"

ፊቱ ፈካ። "እሱማ ደኅና ቦታ ነው ሲስተር! አያስቡ።"

"የት?"

"እንጦጦ ጸበል። አባ በአምላክ ጋ።"

ሁለቱም አፍጥጠው አዩት። አስተያየታቸው ምስጋና መስሎት ቀጠለ።

"ትናንት ይቺ ልጅ 'ወረቀት ያልሆነውን ሁሉ አውጥተህ ጣል' አለችኝ።"

"ጋሼ!" አለች ጵርስቅላ፤ "የተሰበሩትን ወንበሮች ነው እኮ ያልኩህ!"

"ወንበር አላልሽም፣ ሁሉን ነው ያልሽ። ቆርቆሮውን ከፈትኩት። ማተብ! እስከ አፉ ድረስ ማተብ፤ የሕፃን አንገት የሚያህል። እንግዲህ የሰው ማተብ ገንዳ ውስጥ ልጥል ነው? እጄ አይደርቅም? እነዚያ በድርቁ ያለቁት ሕፃናት ናቸው አልኩ። አልቅሼ ነው የዘጋሁት። ከሥራ እንደወጣሁ ይዤ ወጣሁና ለአባ ሰጠኋቸው፤ 'በጸሎት ያስቡልኝ' ብዬ።"

ሲስተር ዘቢደር ግድግዳውን ተደገፉ። እሳቸው አልወሰዱትም! አንዱ ሸክም ሲወርድላቸው ሌላው ወጣባቸው።

"አንተ ገብሬ፣ ልምታህ ወይስ ልሳምህ?"

"ሁለቱንም ችዬ እቆማለሁ ሲስተር፤ ብቻ ምን አጠፋሁ?"

"ማተብ አይደለም! የልጆች ክንድ መለኪያ ነው!"

"አንገት ላይ የሚታሰር መስሎኝ..."

"አንገታቸው ላይማ ይታሰር ነበር። እንዳይጠፋ። እናቶቹ ናቸው የሚያስሩት።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "እንሂድ። አሁን። ተነሱ።"

ጵርስቅላ ወደ ግቢው ሮጣ ኤጀታን ለመነችው። ገመዱን ሳይለቅ ራሱን ነቀነቀ። "እስከ አምስት ሰዓት ነው የምጠብቀው እህቴ። ተረካቢው ሰውዬ ከምሳ በኋላ አይፈርምም። እስከዚያ በሩን እኔ እጠብቃለሁ፤ ጋሼ ገብሬንም ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱ ከቀረ ደግሞ ካርቶኑን ለቄስ ይሰጥብኛል።"

ሦስቱ ወጡ። ገብረ ክርስቶስ ከፊት፣ ሲስተር ከመሃል፣ ጵርስቅላ ከኋላ። አስፋልቱን ትተው በባህር ዛፉ መሃል ያለውን አቋራጭ ያዙ። ላብ ያጠመቃቸው ሯጮች በአጠገባቸው ሽቅብ ሲያልፉ ሲስተር እንደመቅናት አዩዋቸው። ጉልበታቸው ይጮኻል፤ ልባቸው ግን ከሯጮቹ ቀድሟል። ጵርስቅላ "ትንሽ እንረፍ" ባለች ቁጥር "አንቺ እረፊ" ይሏታል።

"ሲስተር፣ እኔን ግን ያስገቡኛል? ጴንጤ ነኝ እኮ።"

"እምነትሽ ግንባርሽ ላይ አልተጻፈ። የሚታየው ሱሪሽ ነው።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እዛ ስንደርስ ነጠላዬን ታገለድሚያለሽ።"

ገብረ ክርስቶስ ከፊት ሆኖ ሳቀ። "ጵርስቅላ በነጠላ! ፓስተርሽ ባየሽ።"

"አንተ ቆርቆሮህን አስብ ጋሼ።"

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ገብረ ክርስቶስ ወደ ግራ ታጥፎ ከዛፉ ጀርባ ተሰወረ። ሲስተር ዘቢደር ቆሙ። ዛፉን አዩ። ከፊታቸው ያለውን መንገድ አዩ። ለምን እንደመጡ ጠፋቸው።

"ሲስተር?"

ዞሩ። አንዲት ረጅም ልጅ ታያቸዋለች። ያውቋታል፤ የሚወዷት ልጅ ናት። ስሟ ግን የለም፤ ከነበረበት ቦታ ላይ ተነሥቷል። ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ የሆነ ወፍ ይጮኻል፤ እሳቸው በዚያ መሃል እንደ ልጅ ቆመው ቀሩ። ጣታቸው ብቻ ሳይታዘዝ ይሠራ ነበር፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ዘርፉን ያፍተለትላል። ክሩ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል አንዴ፣ ሁለቴ ተንከባለለ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተመለሰ።

"ቆርቆሮው" አሉ።

ጵርስቅላ ጠጋ ብላ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"እንዲህ... ሲጠፋብዎት።"

"አልጠፋብኝም። ትንፋሽ ልወስድ ነው።" ጥቂት ሄዱ። እንደገና ቆሙ። "ለልጆቼም አልነገርኩም፤ አንቺም አትንገሪ። አሁን ለምን እንደምሮጥ ገባሽ? የክሩ ነገር ያለው እዚህ ነው" አሉና ጭንቅላታቸውን ነኩ፤ "እዚህ ደግሞ ውሃ እየገባ ነው። ክሩን ስይዝ ይመጣልኛል። ክሩ ከሌለ እኔም የለሁም።"

ከዚያ ወዲያ ጵርስቅላ እረፍት እንውሰድ አላለችም።

ጸበሉ ቦታ ሲደርሱ ያደሩት ተጠምቀው ወጥተዋል። ነጭ የለበሰ ሰው በየጥዱ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ጵርስቅላ ነጠላውን አገልድማ፣ እየረገጠችው፣ በየእርምጃው ትሰናከላለች። ገብረ ክርስቶስ አባን ሊፈልግ ሄደ።

ሲስተር ዘቢደር ግን ቆመው የሰው አንገት ያያሉ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በፎጣ ያደርቃሉ፤ አንገታቸው ላይ ነጭ ክር፤ ክሩ ላይ ቋጠሮ፣ ፈንጠር ብሎ ሌላ ቋጠሮ። ከዚያ ወዲያ የተቀመጠው ጎረምሳም አለው። ያቺ ዓይኗን ጨፍና የምትጸልየውም አላት። ቋጠሮውን የት ቢያዩት ያውቁታል። እናቶቹን በገዛ ጣታቸው ያስተማሩት አቋጣጠር ነው።

አባ በአምላክ እየፈጠኑ መጡ። ቀጭን፣ ሳቂታ አባት ናቸው። ቆርቆሮውን በብብታቸው ይዘዋል፤ ሲይዙት የከበደ አይመስልም።

"ገብረ ክርስቶስ ነገረኝ። እህቴ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?"

"አባ፣ ክሩ!"

"ክሩማ በረከት ሆነ! አንገቱ ባዶ የሆነ ስንት ሰው እዚህ እንደሚመጣ አያውቁም። እኔም ሟች የተወው ለቁም ሰው ይሁን አልኩ። በጸበል ነክሬ፣ ላጠረውም ቀጥዬ፣ ዛሬ ጠዋት አሰርኩላቸው።"

"የሟች አይደለም!"

ድምፃቸው ከፍ ብሎ ኖሮ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው ሁሉ ዞረ። ሲስተር ወደ አባ ጠጋ አሉና ዝቅ አድርገው፣ ግን እየተጣደፉ ተናገሩ። "አንዲት እናት መጠለያው ስትመጣ ክር ትፈትላለች። በዚያ ልጇን ትለካለች፤ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ሲድን፣ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ከአንገቱ ፈትታ ለእኛ ትሰጠናለች። ልጅ የሞተባት ግን አትሰጥም። ክሯን ይዛ ትሄዳለች። ማን ይጠይቃታል? ሌላ ምን ቀራት? አባ፣ እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ክር ሁሉ የዳነ ልጅ ነው። ሁሉም በእግሩ ቆሞ ነው የሄደው።"

አባ በአምላክ ቆርቆሮውን አዩት። ቀስ ብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

ገብረ ክርስቶስ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። "እኔ እኮ አልቅሼላቸው ነበር። እንግዲያው እንባዬን መልሱልኝ!" አለና እየሳቀ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

ሲስተር ቆርቆሮውን ተቀብለው ከፈቱ። ከሥሩ እፍኝ የማይሞላ ክር ቀርቷል። የጵርስቅላ ስልክ ጮኸ፤ ኤጀታ ነው። "እየመጣን ነው፣ ትንሽ ብቻ!" ስትል ሲስተር አላስጨረሷትም።

"እንሰብስባቸው" አሉ። "ከሁሉም እንለምን። አባ፣ ሌላ ክር ይሰጧቸዋል፣ አይደል? ገብሬ፣ አንተ በዚያ በኩል ዙር። ቶሎ በል!"

የመጀመሪያዋን አጠገባቸው አገኙ። ሀይማኖት የምትባል ልጅ እግር ሴት ናት፤ ከየካ ማዶ ሌሊት በእግሯ የመጣች። ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው ልጇ ኢዛና ጭኗ ላይ ተኝቷል። ወፍራም ሹራብ ለብሷል፤ ለሚያየው ደኅና ልጅ ነው። አንገቱ ላይ ክሩ አለ።

"ልጄ፣ ይቅርታ፣ ይቺን ክር ልፍታት? በስህተት ነው የታሰረችው" አሉ ሲስተር። መልስ ሳይጠብቁ እጃቸውን ሰደዱ። ሊፈቱ ሲሉ ሹራቡን ለማስተካከል የልጁን ክንድ ያዝ አደረጉት።

እጃቸው እዚያው ቀረ።

"ምን ሆኑ እማማ?" አለች ሀይማኖት። "ምን አገኙበት?"

ሲስተር ዘቢደር መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ያ ሁሉ የቸኮለ ሰውነት ሳሩ ላይ ተደላደለ።

"ይበላል?"

"እምቢ ይላል። ተቅማጥ ነበረው፣ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለቅሳል። ዓይን በልቶት ይሆናል ብዬ ነው ያመጣሁት።"

"ሹራቡን አውልቂለት። ግራ እጁን ስጪኝ።"

ጵርስቅላ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ማንም አላዘዛትም። የኤጀታ ስም መስተዋቱ ላይ ብልጭ ሲል ዘጋችውና መቅረጽ ጀመረች።

ሲስተር ክሩን ከሕፃኑ አንገት ፈቱ። "ከትከሻው እስከ ክርኑ ያዢ፤ መሃሉን ፈልጊ። እዚህ። ክንዱ ዘና ብሎ ይንጠልጠል። ክሩን አዙሪ። አይ፣ እኔ አይደለሁም የማዞረው፤ አንቺ ነሽ። ልጁ ያንቺ ነው፣ አንቺ ለኪው።"

ሀይማኖት አዞረች። ጠበቅ አደረገችው፤ ሕፃኑ ተነጫነጨ።

"አታንቂው። ክሩ ይተኛ እንጂ አይንከስ። እንዲህ፣ ጎሽ። አሁን የት ላይ ገጠመ?"

"እዚህ... ቋጠሮ አለ፤ ከሱ ትንሽ አለፍ ብሎ።"

"ያ ቋጠሮ የአንድ ልጅ ነው። አንቺ ሳትወለጂ የነበረ ልጅ። ሲመጣ ክንዱ ያቺን ያህል ነበር፤ አጥንት። በየሳምንቱ እናቱ ትለካዋለች፤ በየሳምንቱ ቋጠሮ ትጨምራለች። እዪ፣ ይቺኛዋና ይቺኛዋ ተጠጋግተዋል፤ ያኔ አልጨመረም፤ ኩፍኝ ይዞት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ እዪ እንዴት እንደተራመደ! መጨረሻ ላይ እዚህ ደረሰ፤ ያኔ ነው የሄደው። ያንቺ ልጅ ከመጀመሪያው ቋጠሮ ብዙ አልራቀም። ገባሽ?"

ሀይማኖት ክሩን አየች፣ ልጇን አየች። በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። "ሹራቡ ሸፍኖብኝ..."

"ሁሉንም ይሸፍናል። ለዚህ ነው የምንለካው። አታልቅሺ፣ በጊዜ ነው ያገኘነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትወስጂዋለሽ፤ አልሚ ምግብ ይሰጡሻል። ሲበላ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፤ ስለራበው ብለሽ በአንዴ አታጭቂበት፣ ሆዱ አይችልም። ጸበሉንም አትተዪ ሐኪሙንም አትተዪ።"

"ጸበል መድኃኒት አይከለክልም" አሉ አባ በአምላክ ከላያቸው ቆመው። "እኔ ራሴ ነኝ የምልክሽ፤ ሂጂ።"

"በሳምንት በሳምንቱ ለኪው" ቀጠሉ ሲስተር፤ ቃሉ እንደ ምንጭ ይወርድላቸዋል። "ቋጠሮው ወደ ፊት ከሄደ ልጅሽ ሥጋ አወጣ። ከቆመ ጠይቂ። ወደ ኋላ ከተመለሰ አትቀመጪ፣ ጎረቤት አታማክሪ፣ እሱን አዝለሽ ሩጪ። ይሄን ለማወቅ ማንንም አትጠብቂም። ጣትሽ ይበቃል።"

ጵርስቅላ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትቀርጻለች። ከኋላዋ ክር ያሰሩት ሰዎች አንድ በአንድ ቀርበው ከበዋቸዋል። ሽማግሌው አንገታቸው ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣታቸው ይዳስሳሉ።

ሀይማኖት ክሩን ጠቅልላ ዘረጋችላቸው። "የናንተ ዕቃ ከሆነ ውሰዱት እማማ። እኔ ሌላ እፈትላለሁ።"

ሲስተር ዘቢደር ክሩን ያዙት። ቆርቆሮው አጠገባቸው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ኮተቤ ያለው መደርደሪያ ታያቸው፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ የማይረሳ መደርደሪያ። ከንጋት ጀምሮ የሮጡት ለዚያ ነው። ደግሞም ክሩን ከእጃቸው ሲለቁት ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ፤ መንታ መንገዱ ላይ አይተውታል። ጣታቸው ክሩን ጨበጠው።

"እናቶቹ ሲመልሱልን አንድ ነገር ይሉ ነበር" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "'ከኋላ ለሚመጣው ይሁን' ነበር የሚሉት። እኛ ግን መለኪያው ሲመጣልን ቆርቆሮ ውስጥ ከትተን ክዳኑን ገጠምንበት።"

ጎንበስ ብለው ክሩን የኢዛና አንገት ላይ መልሰው አሰሩ።

ገብረ ክርስቶስ ከወዲያ ማዶ መጣ። "አንዲት ሴትዮ ለመፍታት እሺ ብላኛለች፣ ሌላው ግን..."

"ተወው ገብሬ። ያሰረ እንዳሰረ ይቆይ።"

የጵርስቅላ ስልክ እንደገና ጮኸ። የኤጀታ ድምፅ ለሁሉም ይሰማል። "እህቴ፣ ሞተር አስነሥቻለሁ! ትመጣላችሁ ወይስ ልሂድ?"

"ሂድ! በታክሲ ኮተቤ እቀድምሃለሁ!" ብላ ዘጋችው። ወደ ሲስተር ዞረች፤ ዓይኗ ረጥቧል። "ሁሉንም ቀርጬዋለሁ። አንድ ቃል አላመለጠኝም። የቀረውን ክር ከቪዲዮው ጋር አስፈርማለሁ። ግን ሌሎቹ የት ናቸው ቢሉኝ ምን ልበል?"

"ሥራ ላይ ናቸው በያቸው።"

ጵርስቅላ ቆርቆሮውን አንሥታ ልትሄድ ስትል ሲስተር ጠሯት። ወደ ሀይማኖት አመለከቱ። "ይቺ ልጅ የሳምንት ዓርብ እዚሁ ትመጣለች፤ ክሩን አያለሁ ብያታለሁ። እኔ ግን..." ዝቅ አሉ። "ቀኑ ሊጠፋብኝ ይችላል። አንድ ክር ስጪኝ፤ እጄ ላይ እሰሪልኝ።"

"ይሄ እኮ የማኅደሩ ነው ሲስተር።"

"እኔስ የማን ነኝ?"

ጵርስቅላ ሳቀች፤ ዕንባዋም አብሮ ወረደ። ከቆርቆሮው አንድ ክር መዝዛ የእጃቸው አንጓ ላይ አዞረችው። ሊጠብቅ ሲል ላላ አደረገችው።

"ክሩ ይተኛ እንጂ አይንከስ" አለች።

ሲስተር ዘቢደር ቀና ብለው አዩዋት። "ጥሩ አባባል ነው። ማን ነገረሽ?"

"አንዲት ነርስ" አለች ልጅቱ፤ ግንባራቸውን ሳመቻቸውና ቆርቆሮውን በብብቷ ይዛ ቁልቁለቱን ተንደረደረች።

"ነጠላዬን!" ብለው ጮኹ ሲስተር ከኋላዋ። "አንቺ፣ ነጠላዬን!"

አልሰማችም። ነጠላው ወገቧ ላይ እየተውለበለበ በባህር ዛፎቹ መሃል ገባች። ገብረ ክርስቶስ "ልከተላት?" ሲል እጃቸውን አወናጨፉና ተዉት። ወደ ሀይማኖት ዞረው፣ ለመነሣት አንድ እጃቸውን ዘረጉላት።

"በይ ተነሺ፣ ጤና ጣቢያው ከምሳ በፊት ይሻላል። እኔም አብሬሽ እወርዳለሁ" አሉ፤ በሌላው እጃቸው አንጓቸው ላይ ያለችውን ቋጠሮ እያንከባለሉ።